ቤት ያልመታ እግር፦ የአምስት ቀን የባሕር ዳር ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ጥር 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከአዲስ አበባ የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። አውቶቡሱ ጎሐ ጽዮንን አልፎ የዓባይን በረሃ መውረድ ሲጀምር፣ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ከእግሬ ሥር ያለውን ቦርሳ እያዩ «ልጄ፣ ያ ነጩ የዲያቆን ልብስ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። የቴኳንዶ ልብስ መሆኑን ስነግራቸው ለአፍታ ዝም አሉና «በዚህ ዕድሜህ ማንን ልትመታበት ነው?» አሉኝ። ዕድሜዬ 38 ነው፤ ከግንባሬ የሸሸው ፀጉር ደግሞ ጥቂት ይጨምርበታል። ሳቅ ብዬ ዝም አልሁ፤ የጉዞዬን ምክንያት ለማያውቁኝ ሰው ቀርቶ ለቤተሰቤም በወጉ አላስረዳሁም ነበርና።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥቁር ቀበቶ የታጠቅሁት ልምምድ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ያሠለጥነን የነበረው ሰው፣ ስሙን ማንሣት አልፈልግም፣ የፈተናውን ገንዘብ ቀድመው ከከፈሉት መካከል አንድም ሰው አልጣለም፤ እኔም የፓተርኖቹን፣ ማለትም ተራቸውን ጠብቀው የሚሠሩትን የመከላከልና የመምታት እንቅስቃሴዎች፣ ቅደም ተከተል እንጂ ውስጣቸውን ሳላውቅ ቀበቶውን አሰርሁ፣ ፎቶ ተነሣሁ፣ ውሎ አድሮም አስተማሪ ሆንሁ። ዛሬ በሰፈራችን አዳራሽ 40 የሚሆኑ ልጆች «ማስተር» እያሉ ይጠሩኛል። አይቲኤፍ በምንለው በዓለም አቀፉ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን ሥርዓት ማስተር የሚባለው ሰባተኛ ወይም ስምንተኛ ዳን፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ ደረጃ፣ የደረሰ ሰው ነው፤ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ያለው ሳቦም ሲባል፣ ከዚያ በታች ያለው ረዳት ነው። እኔ አንደኛ ዳን ነኝ። በእኛ ከተሞች ግን ወገቡ ላይ ጥቁር ያሰረ ሁሉ ማስተር ነው፤ ጠሪው አይጠይቅም፣ ተጠሪውም አያርምም። እኔም አላረምሁም።

ባሕር ዳር ያሉትን አሠልጣኝ ከዓመታት በፊት በአንድ ውድድር ላይ ሲዳኙ አይቻቸዋለሁ። ስልክ ደውዬ «መጥቼ ከእርስዎ ሥር ልልመድ» ስላቸው «ስንት ቀን አለህ?» አሉኝ፤ «አምስት» ስል «ለአንድ ፓተርን ይበቃ ይሆናል» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ባሕር ዳር የገባነው ፀሐይዋ ከዘንባባዎቹ በስተጀርባ ስትወርድ ነው። ዕቃዬን ማደሪያዬ ጥዬ በባጃጅ ወደ ልምምድ ቦታው ሄድሁ። ቦታው ቀን ቀን ስብሰባ የሚደረግበት አዳራሽ ነው፤ ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተዋል፣ የልጆቹ ጫማ በር ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ተሰድሯል። ከውጭ የሰማሁት የመጀመሪያው ነገር ቆጠራው ነበር፤ «ሃና፣ ዱል፣ ሴት፣ ኔት፣ ታሶት» የሚለው የኮሪያ ቁጥር በጎጃም ቅላጼ ተጎትቶ ሲነገር የአብነት ተማሪዎች ፊደል ሲቆጥሩ ይመስላል። አሠልጣኙን ልጆቹ «ጋሼ» ይሏቸዋል። እጅ ነሥቼ ስገባ ቀበቶዬን አዩና፣ ምንም ሳይሉ በመጨረሻው ረድፍ፣ ከሁለት ቢጫ ቀበቶ ሕፃናት መካከል እንድቆም በእጃቸው አመለከቱኝ። ከጎኔ የቆመችው ልጅ ዕድሜዋ ከዘጠኝ አይበልጥም፤ ሙሉውን ሰዓት ቀበቶዬንና ፊቴን እያፈራረቀች ስታይ አመሸች።

ዓርብ፣ ጥር 19

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር ተገናኘን። በክረምቱ መጨረሻ ሞልቶ የነበረው ጣና በዚህ ወቅት ሸሽቶ፣ በጠርዙ እርጥብ ጥቁር አፈር ትቷል። ሁለት የደንገል ታንኳዎች ወደ ጥልቁ ሲያመሩ ይታያሉ። ጋሼ በአፈሩ ላይ በእንጨት መስቀልኛ መስመር አሠመሩ፤ መሐሉ ላይ የእግሬን ቅርጽ ዙሪያውን ቀረጹና «ቾንጂን ሥራ» አሉኝ።

ቾንጂ ከአይቲኤፍ 24 ፓተርኖች የመጀመሪያው ነው። ነጭ ቀበቶ የያዘ ጀማሪ የሚማረው፣ 19 እንቅስቃሴ ብቻ ያለው፣ ከዝቅተኛ መከላከልና ከመሐል ቡጢ ብዙም የማይርቅ ነው። የስሙ ትርጉም ሰማይና ምድር ማለት ሲሆን፣ ሥርዓቱን የቀመሩት ጄኔራል ቾይ ሆንግ ሂ የዓለምን መፈጠር ወይም የሰውን ታሪክ መጀመሪያ እንደሚያመለክት አስረድተዋል። በቻይናና በሰሜን ኮሪያ ድንበር በፔክቱ ተራራ አናት ላይ ያለው ሐይቅም በድምፅ ከዚህ ስም ጋር ይገጥማል። 24ቱ ፓተርኖች ደግሞ የቀኑን 24 ሰዓታት ይወክላሉ፤ ቾይ የሰው ዕድሜ ከዘላለም አንጻር ሲታይ የአንድ ቀን ያህል ነው ይሉ ነበር። ይህን ሁሉ ለተማሪዎቼ ስናገር ኖሬአለሁ፤ በቃል የማውቀው ነገር አላነሰኝም።

ሠርቼ ጨረስሁ። ጋሼ ወደ ፊቴ ሳይሆን ወደ እግሬ ተመለከቱ። የቆምሁት ከተቀረጸው የእግሬ ምልክት አንድ ስንዝር ያህል ወደ ፊት ነበር። የፓተርን የመጀመሪያው ሕግ በተጀመረበት ቦታ ላይ በትክክል መጨረስ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ፣ በሊሾ ወለል ላይ፣ ይህን ስሕተት ማንም አያይብህም። አፈሩ ግን የረገጥሁትን ሁሉ ይዞ ቀረ።

«ቤት አልመታም» አሉ ጋሼ።

አባባሉ የቅኔ ቤት አባባል መሆኑን ወዲያው ገባኝና ጠየቅኋቸው። ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ያወሩኝን እዚህ በሰፊው እጽፈዋለሁ፤ ከአምስቱ ቀን ሁሉ የማልረሳው ይህን ሰዓት ነውና።

ጋሼ በልጅነታቸው የቅኔ ተማሪ ነበሩ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከየአውራጃው የሚመጣው ተማሪ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ከየኔታ እግር ሥር ለዓመታት ይቀመጥ ነበር። ጀማሪው የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ተማሪው ከጉባኤው ተለይቶ ከዛፍ ሥር ቅኔውን ሲያወጣና ሲያወርድ የሚቆይበት ጊዜ ቆጠራ ይባላል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ሲያቀርብ ደግሞ ነገራ ነው። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና ካልጣማቸው «ቤት አልመታም፣ ሂድ ቁጠር» ይሉታል። «እኔን» አሉ ጋሼ «ከጉባኤ ቃና ላይ አምስት ወር አስቀምጠውኛል። አብረውኝ የመጡት ዘአምላኪየ ሲነግሩ እኔ እዚያው ነኝ። አንድ ቀን አልቅሼ ‹የኔታ፣ ለምን አያሳልፉኝም?› ስላቸው፣ ‹እኔ በር አልዘጋሁብህም፤ አንተ ነህ ያልደረስህ› አሉኝ።»

ቅኔውን ሳይፈጽሙ ወደ ከተማ መጡ። ከተማው ውስጥ የቪዲዮ ቤት ነበር፤ በአሮጌ ብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ብሩስ ሊን ያዩ የዚያ ትውልድ ልጆች ሁሉ ከመውጫው በር ጀምረው አየሩን ይራገጡ ነበር። ጋሼም ከእነርሱ አንዱ ሆኑ። በመጀመሪያ ካራቴ ለመዱ፣ ቀጥሎ ቴኳንዶ። የገረማቸው አረጋገጡ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው፤ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር እያለ የሚወጣው መሰላል ከጉባኤ ቃና እስከ መወድስ እንዳለው መንገድ ሆኖ ታያቸው። ልዩነቱን ሲናገሩ ግን ድምፃቸው ትንሽ ጠጠር አለ፤ «የኔታ ለጉባኤ ቃና ገንዘብ አልተቀበሉኝም።»

ስለ እኔ ቀበቶ የነገርኋቸው ነገር አልነበረም። እንዳወቁ ግን ገባኝ።

ያን ጠዋት ቾንጂን 11 ጊዜ ሠራሁ፤ 11 ጊዜም ከምልክቱ ወደ ፊት አለፍሁ። ቀኑ ጾም ስለሆነ ቁርስ አልቀረበም፤ እኩለ ቀን ካለፈ በኋላ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብተን ሽሮ በላን።

ቅዳሜ፣ ጥር 20

ጋሼ ዛሬ የላኩኝ ወደ ሌሎች ቤቶች ነው። «የእኔን ብቻ አይተህ አትሂድ» አሉኝ። ከተማዋ ሰፍታለች፤ በዓባይ ላይ ይሠራ የነበረው አዲሱ ድልድይ ያኔ ገና አላለቀም ነበር፣ ብስክሌተኛውና ባጃጁ በአሮጌው ድልድይ ይጋፋ ነበር።

በመጀመሪያ የገባሁት ወርልድ ቴኳንዶ ወደሚሠራበት ክበብ ነው። በሁለቱ ቴኳንዶዎች መካከል ያለውን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ቾይ አይቲኤፍን በ1958 ዓ.ም. በሴኡል መሠረቱ፤ በኋላ ከአገራቸው መንግሥት ጋር ተጣልተው ወደ ካናዳ ሲሰደዱ፣ በ1965 ዓ.ም. ዛሬ ወርልድ ቴኳንዶ የሚባለው ሌላው ድርጅት እዚያው ሴኡል ተቋቋመ። ኦሊምፒክ የገባው ይህ ሁለተኛው ነው፤ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰሎሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ምድብ ኢትዮጵያን ወክሎ የተጋጠመውም በዚሁ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ በአይቲኤፍ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ኃይልን መጥኖ ነው። በወርልድ ደረት ላይ ያረፈ ቡጢ 1 ነጥብ፣ እርግጫ 2፣ ራስ ላይ ያረፈ እርግጫ 3 ነጥብ ያስገኛል፤ ዞሮ የተመታ እንደሆነ በእያንዳንዱ እርግጫ ላይ 2 ይጨመራል። የእርግጫውን ነጥብ በትልልቅ ውድድር ላይ በዋናነት የሚቆጥረው በደረትና በራስ መከላከያው እንዲሁም በካልሲው ውስጥ ያለው ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ነው።

ጋሼ ይህን መሣሪያ አይወዱትም፤ ተጋጣሚዎቹ የፊት እግራቸውን እንደ ዘነዘና አንጠልጥለው መነካካት ብቻ ሆነ ይላሉ። በዚህ ላይ ከእርሳቸው እለያለሁ። በአይቲኤፍ ውድድር ማዕዘን ላይ የሚቀመጡት አራት ዳኞች የሚያዩት በዓይናቸው ነው፤ ዓይን ደግሞ የወዳጁን ልጅ እግር ፈጥኖ ያያል። በክበቡ ያገኘኋት የ17 ዓመት ልጅ ይህንኑ በአጭሩ ነገረችኝ፦ «ጋሼ፣ ካልሲው የማን ልጅ እንደሆንሁ አያውቅም።» ዋናው መሣሪያ ግን በክበቡ የለም፤ የሚለማመዱት በተራ መከላከያ ነው፣ ነጥቡን የሚቆጥረው ዳር የተቀመጠ ጓደኛቸው ነው።

ከሰዓት በኋላ የኪክ ቦክስ ጂም ሄድሁ። አሠልጣኙ ወጣት ነው። የጂሙ ከረጢት በአሮጌ ልብስ ተጠቅጥቆ ከጣሪያው ብረት ላይ ተንጠልጥሏል፤ 14 ልጆች ሁለት ጥንድ ጓንት ይቀባበላሉ፤ ስልኩ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ይጮኻል፣ ከአንድ ደቂቃ ዕረፍት በኋላ ደግሞ ይጮኻል። ቀበቶም፣ እጅ መንሣትም፣ የኮሪያ ቁጥርም የለም። ስለ ፓተርን ስጠይቀው በአክብሮት፣ ግን ፊት ለፊት፣ «ፓተርን ማን ያይልኛል? ልጆቹ የሚመጡት በስልክ ያዩትን ጥሎ ማሸነፍ ፈልገው ነው» አለኝ። ልንቀው አልቻልሁም። ልጁ ላይ ጓንቱን ሲያስር የእጁን መጠቅለያ ጨርቅ ፈትቶ ሁለት ጊዜ እንደገና ጠቀለለው፤ አውራ ጣቱ እንዳይታጠፍ ደጋግሞ ዳሰሰው። እኔን ያሠለጠነኝ ሰው እጄን ዳስሶት አያውቅም።

ማታ ቡና ላይ አንድ ጎልማሳ ቴኳንዶን ወደ ኢትዮጵያ ያመጣው ቃኘው ሻለቃ ነው ሲል ተከራከረኝ። ደስ የሚል ታሪክ ነው፤ ቀኑ ግን አይገጥምም። ቃኘው ወደ ኮሪያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነው፣ ጦርነቱ በሐምሌ 1945 ቆመ፤ ቴኳንዶ የሚለው ስም ደግሞ የወጣው በሚያዝያ 1947 ነው። ሰውዬው ጣቱን እየቆጠረ አሰበና «ስሙ ባይኖርም እግሩ ነበረ» አለኝ። ለዚህስ መልስ አጣሁ።

እሑድ፣ ጥር 21

አስተርእዮ ማርያም ናት። ከጋሼ ጋር ማለዳ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርን፤ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። የኡራ ኪዳነ ምሕረት መቅደስ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ ያለውን ሥዕል ጋሼ ቆመው አዩትና፣ እንደ ልማዳቸው ከፊት ይልቅ እግሩን ተመለከቱ፤ «እርካቡን እንዴት እንደረገጠ እይ» አሉኝ።

በዘጌ በሬ ጠምዶ የሚያርስ የለም፤ ኑሮው በዛፍ ነው። አንድ አባት እንደተረኩልን፣ ገዳማቱን የመሠረቱት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሏት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ። ጋሼ ከጫካው ስንወጣ «የእኛ በትር ግን ሌላ ሥራ ነበራት» ብለው ሳቁ። ከብት ሲጠብቁ ያደጉ ናቸው፤ እረኞቹ በሽመል ምክቶሽ ይገጥሙ ነበር፣ ለቡሄ ጅራፍ ያጮኻሉ፣ ለገና ደግሞ ሩር ያንከባልላሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነውና፣ የባለጸጋው ልጅ ቅልጥሙን ቢመታም ዝም ነው። ዝቅተኛውን መከላከል፣ የቾንጂን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ፣ ከኮሪያ ቀድመው የተማሩት ከምክቶሽ እንደሆነ አጫወቱኝ፤ እዚያ ያልተከላከለ ቁርጭምጭሚቱ ይነግረዋል።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ባለ ሜዳ ላይ ወጣቶች ትግል ገጥመው ደረስን። ምንጣፍ የለም፣ ፊሽካ የለም። ሁለቱ ወገብ ለወገብ ይያያዛሉ፤ መምታት ነውር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። ዳኛው ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ከመሐል ቆመዋል። አንድ ቀጠን ያለ ልጅ ጥሩ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ወፍራሙ ሲገፋው በአጫጭር እርምጃ ወደ ኋላ ተንደረደረ፣ ያኔ ቀኙን ጠለፈውና ጣለው። የጣለው ልጅ እጁን ይዞ አነሣው። ሽማግሌው ተሸናፊውን ጠሩና በከዘራቸው ጫፍ እግሩን ነካ አድርገው «ስትሸሽ እግርህ ይሰበሰባል፤ ወደ ፊት እንደምትረግጠው አድርገህ ወደ ኋላም እርገጥ እንጂ፣ ልጄ» አሉት።

ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉ፤ ምንም አልተናገሩም። እኔ ግን ቆሜ ሒሳቡን ሠራሁት። በቾንጂ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንቅስቃሴዎች ወደ ኋላ እየተረገጡ የሚሰነዘሩ ቡጢዎች ናቸው። በመራመድ አቋቋም የሁለቱ እግሮች ርቀት አንድ ተኩል የትከሻ ስፋት መሆን አለበት፣ ክብደቱም ለሁለቱ እኩል ይከፈላል፤ ይህ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንድ ነው። የእኔ እግር ወደ ፊት ሲሄድ ልኩን ይሞላል፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ያላየውን መሬት ፈርቶ ያጥራል። ስንዝሯ የቀረችው እዚያ ነው። ተማሪዎቼን ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ አሰለፍኋቸው፤ አርባውም ከምልክታቸው ወደ ፊት አልፈው ቆመዋል።

ሰኞ፣ ጥር 22

ማለዳ አፈሩ ላይ አራት ጊዜ ሠራሁ። በሦስተኛው ላይ ተረከዜ የምልክቱን ጠርዝ ነካ፤ በአራተኛው እንደገና ሦስት ጣት ያህል አለፈ። ጋሼ «ጉባኤ ቃና አልሞላህም፤ ጀምረሃል» አሉኝ። ስለ ቀበቶዬ ያኔ ነገርኋቸው፣ ሁሉንም። አዳመጡኝና «ልጆችህ ያውቃሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አያውቁም አልሁ። ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም፤ ለስንቅ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝና ጨብጠውኝ ሄዱ።

ጋሼ ከነገ ወዲያ እንድመለስ ፈልገው ነበር፤ ነገ ጥር 23 በእንጅባራ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው፣ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው። ፈቃዴ ግን አልቋል። አውቶቡሱ እንጅባራ ላይ ለቁርስ ሲቆም በመንገዱ ዳር ፈረሶች አየሁ፤ አንዱ በቀይ ክርና በዘቦ ጨርቅ ተሽቆጥቁጦ፣ ጌታው ኮርቻውን ሲያጠብቅለት በአንድ እግሩ መሬቱን ይጭራል።

ቀረሶውን በላሁና ከአውቶቡሱ በስተጀርባ ወዳለው አቧራ ሄድሁ። በጫማዬ ጫፍ መስቀልኛውን አሠመርሁ፣ እግሬን በጠጠር ቀረጽሁ። ሁለት ልጆችና አንድ ጫማ ጠራጊ ሊያዩ ቆሙ። ጀመርሁ፤ ዞርሁ፣ ተከላከልሁ፣ ሰነዘርሁ፤ አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሼ ግራ እግሬ ከፊት እንዳለ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ጮኸ፤ ረዳቱ ከበሩ ተንጠልጥሎ «ማስተር! ጥለንህ ልንሄድ ነው!» አለ። በምን እንዳወቀኝ እንጃ፤ ያ ነጭ ልብስ ነው መሰለኝ።

«ማስተር አይደለሁም» አልሁት፣ ሮጬ እየደረስሁ።

«ማን ልበልህ ታዲያ?» አለኝና በሩን ዘጋው። አሥራ ስምንተኛውና አሥራ ዘጠነኛው ሳይሠሩ ቀሩ።